«አልፏል» የተባለው የወንድሜ ወረቀት

ሰው የሚያውቀውን ነገር፣ ያውም የሚወደው ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ነገር፣ አፉን ከፍቶ መናገር ለምን ያቅተዋል? ፈርቼ ነው እንዳልል፣ የሚያስፈራ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ረስቼ ነው እንዳልል፣ አንዲት ቁጥር አልረሳሁም። ራሴን ስጠይቅ ኖሬ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። እናንተ ምናልባት ታገኙለት እንደሆነ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ተድሬ፣ ተፋትቼ፣ ወንድሜ ቤት ከተመለስኩ በኋላ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች የወተት ጥርሳቸው ገና እየወለቀ ነበር፤ «እማማ፣ ላጲስ አውሽኝ» ይሉኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ላይ ቀልድ አያውቅም። የተሳሳተ መማሪያ መጽሐፍ እጄ ከገባ በእርሳስ ሳላርመው ወደ መደርደሪያው አይመለስም። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «እርማት» ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። እርማቴ ግን ወረቀት ላይ ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም።

ወንድሜ ጋሼ ሰይድ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። የከብት ነጋዴ ነው፤ በሬ ዓይቶ ስንት ዓመት እንዳረሰ የሚናገር ሰው። ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። ስኳር ካለበት ስድስት ዓመቱ ነበር። ክኒን ታዞለታል፤ ሲያስታውሰው ይውጣል፣ ገበያ ሲውል ይረሳል።

የመጀመሪያ ልጁ ሐያት ሰባት ዓመት ሪያድ ሠርታ ተመልሳለች። ታናሿ ዛሬም እዚያው ናት። ሐያት ቆራጥ ናት፤ አየር ማረፊያ ለብቻዋ ቆማ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር በማታውቀው ቋንቋ ተከራክራ የኖረች ልጅ ነች። እሷ ስትናገር ቤቱ ጸጥ ይላል።

በእኛ አካባቢ የደም ምርመራ ወረቀት የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል ደሟ ይታያል፣ ሳንባዋ ይታያል፣ ከዚያ ወይ «ሜዲካል አለፈች» ይባላል ወይ «ወደቀች» ይባላል። ካለፈች እልል ይባላል፣ ሻንጣ ይገዛል። ከወደቀች ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። በመሃል ሌላ ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ያለፈ ወረቀት ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል። የእኛ ስህተት ከዚህ የመጣ ነው። ለመንገድ የሚሆን አስተሳሰብ ይዘን ወደ ልብ ገባን።

ደሴ የወሰደችን ሐያት ነች። «አባዬ ሙሉ ምርመራ ሳያደርግ እኔ እንቅልፍ የለኝም» አለች። ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን፤ አድረን በማግስቱ ጋሼ በባዶ ሆዱ ደሙን ሰጠ። አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ የሌላ ክሊኒክ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ከቀትር በኋላ ተጠራን። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሐኪም ይሁን የላብራቶሪ ባለሙያ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ስሙን የሚገልጽ ነገር ደረቱ ላይ አልነበረም። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

«ሰይድ!»

«አቤት።»

«ኮሌስትሮል ኖርማል ነው። ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ጣፋጭ አያብዙ። ቀጣይ!»

ይኸው ነው። የአምስት ሰዓት መንገድ የሄድነው ለዚህ ነው። ወረቀቱን ሐያት ተቀበለች፤ እኔ ከእጇ ወስጄ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አመሌ ነው፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም።

አራት መስመር ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ መቶ ሰባ ስምንት፤ አጠገቡ ምልክት የለም። መጥፎው የሚባለው፣ ዘጠና ሁለት፤ ምልክት የለም። ትራይግሊሰራይድ የሚሉት የደም ስብ፣ ሁለት መቶ ዘጠና፤ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለበት። ጥሩው የሚባለው፣ ኤችዲኤል፣ ሃያ ስምንት፤ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለበት። በቅንፍ ለወንድ ከአርባ ማነስ እንደሌለበት ተጽፏል።

«ጥሩው»ን አውቀዋለሁ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አንድ የቆየ የጤና መጽሐፍ አለ፤ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ይህ ዓይነቱ ኮሌስትሮል የተረፈውን ስብ ከደም ሥር ግድግዳ እየለቀመ ወደ ጉበት የሚመልስ እንደሆነ፣ ሲያንስ ደግሞ ለልብ ጥሩ ምልክት እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። ተመልሼ ገባሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ... ይኸኛው ወደ ታች የሆነው...»

ቀና አለ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«እህቱ ነኝ።»

«ሙያዎ?»

«የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት...»

ፈገግ አለ። «እንግዲያው እርስዎ መጽሐፍዎን ይጠብቁ፣ እኛ ደግሞ በሽተኛችንን እንጠብቅ።»

ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ሐያት ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «ነይ አክስቴ፣ አታሳፍሪን። ወደ ታች መሆኑ ጥሩ አይደል እንዴ? ኮሌስትሮል ሲወርድ እኮ ነው ደስ የሚለው!»

«ጥሩው እኮ ነው የወረደው» አልኩ።

«ምን?»

አልደገምኩም። አያችሁ? አንድ ጊዜ ብዬው ነበር። ሁለተኛ መድገም ነበረብኝ። አልደገምኩም።

ሚኒባሱ ገና ከደሴ ሳይወጣ ሐያት ሪያድ ደወለች፤ የእህቷ ፊት ስልኩ ላይ መጣ። «አባዬ ሜዲካል አለፈ!» እዚያ ማዶ እልልታው ቀለጠ፤ ተሳፋሪው ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ጋሼ ሰይድ ኮፍያውን አስተካክሎ «ዓረብ አገር ልሂዳ እንግዲህ፣ ግመል ልጠብቅ» ሲል ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

በሁለተኛው ቀን መጽሐፉን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። ልክ ነበርኩ። እንዲያውም ካሰብኩት የባሰ ነበር፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ የጥሩው መውረድና የደም ስቡ መውጣት አብረው እንደሚታዩ፣ ድምሩ ግን ደህና መስሎ ሊታይ እንደሚችል ተጽፏል። ድምር! አንደኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ የተማርኩት ነገር። ከአንዱ የጎደለው ሌላው ላይ ሲጨመር ድምሩ አይነቃነቅም።

መጽሐፉን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደጅ ቆሞ የአንድ በግ ላት በእጁ ይመዝናል።

«ነይ፣ ነይ! ምን ይዘሽ ነው ደግሞ? መጽሐፍ? እዚህ ቤት ያለው መጽሐፍ ይሄ ነው» ብሎ ላቱን አወዛወዘ። «ለሶደቃው ነው። ያሳለፈኝን ላመስግን እንጂ!»

«ክኒኑን ትውጣለህ ወይ ጋሼ?»

«ላለፈ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል? ከሶደቃው በኋላ፣ ኢንሻአላህ።»

መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ፣ ከመላጫው አጠገብ ተቀምጧል። ሳይከፈት። መጽሐፉን ከነጠላዬ አላወጣሁም። «ልሂድ፣ ሥራ አለኝ» ብዬ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን፣ በአምስተኛው፣ በሰባተኛው ቀን፣ «ነገ» አልኩ። ጋዋን የለበሰው ሰው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። የሐያት «አታሳፍሪን» ጆሮዬ ውስጥ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ምክንያት አይሆኑም። ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቼ ትምህርቴን ጨርሻለሁ።

ሶደቃው የዋለው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲህ። ሼህ ይማም፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ መሃል ተቀምጠዋል። በመጋረጃው ክፍተት ጋሼን አየዋለሁ። ባለ ሶደቃው እሱ ነውና ላቱ ፊቱ ቀረበ። «ብላ፣ የራስህ ድግስ ነው!» ይሉታል። ይበላል፣ ያጎርሳል፣ ይቀልዳል።

ከዚያ መቀለዱን አቆመ።

መጀመሪያ ያየሁት ላቡን ነው። ቀኑ የመካነ ሰላም ቀን ነው፤ ነፋሱ አጥንት የሚገባ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን የተከናነበበት። የጋሼ ግንባር ግን ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ሳህኑን በቀስታ ገፋው። ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ያዘ። መንጋጋውን አሻሸ፤ ጥርስ እንዳመመው ሰው።

«ምነው ሰይድ?» አሉት አጠገቡ ያሉት።

«ክንዴ ዛለብኝ። ያቅለሸልሸኛል።»

«ደረትህን አመመህ?»

«ኧረ ደረቴ ደህና ነው።»

«ላቱ ነው፤ ባዶ ሆዱን መታው» አለ አንዱ። «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽለት» አለ ሌላው። ሐያት ሎሚ ልትጨምቅ ሮጠች። ሼህ ይማም እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው ነበር፤ «አብሽር ሰይድ፣ ዱዓው ይለቅና ጋደም ትላለህ» አሉት።

ያ የጠገንኩት መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር ነበር፤ ስኳር የቆየበት ሰው ልቡ ሲታመም ደረቱን ላያመው ይችላል የሚል። መስመሩን ከነገጹ አየሁት። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። መጋረጃውን ገልጬ ወንዶቹ መሃል ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ልቡ ነው!»

ያ ድምፅ የእኔ ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ትላለች?»

«ምች አይደለም፣ ላት አይደለም፣ ልቡ ነው! አሁን ሆስፒታል ይሂድ!»

«ኸረ ሴትዮ፣ ዱዓ ላይ ነን» አለኝ አንድ ጎረምሳ።

«ዱዓውን ባጃጅ ላይ አድርጉለት!»

ስድብ ጠበቅሁ። ሼህ ይማም የዘረጉትን እጅ አጥፈው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሁለት እጃቸውን መሬት ተደግፈው ተነሡ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ልጅቷ ተናገረች እኮ! አንሱት!»

ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ሐያት ከፊት ተቀምጣ «አባዬ አብሽር፣ አባዬ አብሽር» ትላለች። እሱ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «የጮህሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ የማን ሚስት ተጣላች ብዬ ነበር።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከንፈሩ አመድ መስሎ ይቀልዳል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። የልብ ማንበቢያውን ሽቦ ደረቱ ላይ ለጠፈ፣ የወጣውን ወረቀት አንድ ጊዜ አየ፣ ወዲያው አስፕሪን አስኝኮ አምቡላንስ አስጠራ። «የልብ የደም ሥር ተዘግቷል። ደሴ መሄድ አለበት፣ አሁኑኑ።» ዝግጅቱ እየተደረገ ሳለ ሐያት ቦርሳዬን ከፍታ ያንን ወረቀት አወጣች። «ዶክተር፣ እንዴት ይሆናል? ከአሥራ አንድ ቀን በፊት አልፏል እኮ! ኖርማል ተብሏል!»

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ማን ነው ያነበበላችሁ?»

«ክሊኒኩ። ደህና ነው አሉን።»

«ድምሩን ነው ያነበቡላችሁ። ዝርዝሩን ማንም አላየውም? ስኳር ያለበት ሰው፣ በዚህ ዕድሜ፣ ጥሩው ሃያ ስምንት፣ የደም ስቡ ይህን ያህል... የልቡ ነገር ያን ቀን መታየት ነበረበት። መድኃኒት ያን ቀን መታዘዝ ነበረበት። አንድ ሰው እንኳ አላየውም?»

ቦርሳው የእኔ ነበር። ወረቀቱ ጫፍ ላይ በእርሳስ ያሰመርኳት ቀጭን መስመር ነበረች፣ ሃያ ስምንት ከሚለው ቁጥር ሥር። ሐኪሙ አላስተዋላትም። ሐያት አላስተዋለቻትም። እኔም፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ዝም አልኩ።

አምቡላንሱ በአቀስታ ደጋ ብርድ ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ያፏጫል፤ ነርሱ በየጊዜው የደም ግፊቱን ይለካል፤ ሐያት የአባቷን እግር በፎጣ ጠቅልላ ታሻለች። በየጠመዝማዛው «ያረቢ» እላለሁ። እንዲህ ብዬ ቃል ገባሁ፦ ከተረፈ እነግረዋለሁ። ከሞተ ለሁሉም እነግራለሁ።

ተረፈ። የልቡ አንድ ወገን ግን ደክሞ ቀረ።

ደሴ ዘጠኝ ቀን ተኛ። እዚያ ያለች አንዲት ሐኪም፣ ታጋሽ ሴት፣ ለሐያት ነገሩን በደንብ አስረዳቻት። ልጅቷ በቁጭት «ታዲያ ጥሩውን የሚጨምር ክኒን የለም? እህቴ ከሪያድ ልካለች፣ ይኸው» ብላ አንድ ብልቃጥ አወጣች። ላዩ ላይ ልብ ተስሎበታል።

ሐኪሟ ብልቃጡን አላናናቀችውም፤ አገላብጣ አየችው። «ይህን ቁጥር በመድኃኒት ከፍ ለማድረግ ብዙ ተሞክሯል። ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ልቡ ግን አልዳነም። የጥሩው መውረድ ምልክት ነው። ሰውነቱ ውስጥ ስኳሩና ስቡ እንደተበላሹ ይነግረናል። እኛ የምንሠራው እነሱ ላይ ነው፤ ስኳሩን ማስተካከል፣ መጥፎውን በክኒን ማውረድ፣ ግፊቱን መጠበቅ፣ መራመድ።»

ጋሼ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማት። «ገባኝ» አለ። «ከሲታ በሬ ለገበያ ሲወጣ ጨው አልሰው ውሃ ያጠጡታል። ሆዱ ይነፋል፣ ገዢ ይሸወዳል። በሬው ግን ያው ከሲታ ነው። ያ ብልቃጥ ጨው ነው በይኛ።»

ሐኪሟ ሳቀች። «ጋሼ፣ እንደዚህ አድርጎ ያስተማረኝ አልነበረም።»

መካነ ሰላም ስንመለስ ግን የጠበቀኝ ምስጋና ነው። በየመንገዱ ሴቶች እጄን ይስማሉ። «ወንድሟን በመጽሐፍ ያዳነች!» ሼህ ይማም እንኳ በአደባባይ «ሴት ልጅ ትማር ስንል ለዚህ ነው» አሉ። ሐያት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አክስቴ፣ ያን ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ስትጎተቺ... አፉ በይኝ። አንቺ ባትኖሪ አባት አልነበረኝም» ብላ አለቀሰች። አፉ አልኳት! እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀች፣ እኔም ሰጠሁ። ምስጋና እንደዚያ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር። አራት ወር ለበስኩት።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፤ ተቆጥቻለሁና ቁጣዬን ታገሡኝ።

ያ ጋዋን የለበሰ ሰው ላይ ተቆጥቻለሁ። የሰውን ደም ቀድቶ፣ በባዕድ ቋንቋ ጽፎ፣ ከአራት መስመር አንዱን ብቻ አንብቦ «ቀጣይ» የሚል ሰው ከሐኪም ቤት ይልቅ የበረት በር ቢጠብቅ ይሻለዋል። አይ፣ እሱንም አይጠብቅ፤ ከብት ነጋዴ እንኳ በሬውን ዞሮ ሳያይ አይገዛም። «ማን ነዎት? ሙያዎ?» ብሎ የሚጠይቅ ላይ ተቆጥቻለሁ። ጥያቄ ለመጠየቅ ሙያ ያስፈልጋል? እህትነት አይበቃም?

«አለፈ፣ ወደቀ» የምንለው ሁላችን ላይ ተቆጥቻለሁ። ልጆቻችንን በአንድ ወረቀት ወይ እልል ወይ ወዮ ብለን መሸኘት ለምደን፣ የሰው አካል በአንድ ቃል የሚያበቃ መስሎን። ስኳር ያለበት ሰው ኮሌስትሮሉ ደህና ነው ሲባል የምን ድምር ነው የሚነገረው? ጠይቁ። ጥሩው ስንት ነው? መጥፎው ስንት ነው? የደም ስቡስ? ቁጥሩ ለእኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከዚህ ስኳሬ ጋር ሲታይ ምን ማለት ነው? ቢስቁባችሁ ይሳቁ። ደግማችሁ ጠይቁ። የታዘዘ ክኒን ወረቀት ጥሩ ሆነ ብላችሁ መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ላብ፣ የክንድ መዛል፣ የመንጋጋ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ምች አትበሉት፤ ዳማከሴውን ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ልብ የተሳለበት ብልቃጥ የምትሸጡ ደግሞ፣ አላህ ይይላችሁ፤ ሰው ብልቃጡን ተማምኖ እውነተኛውን መድኃኒት ሲተው ታውቃላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የተቆጣሁት በአንዲት ሴት ላይ ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሆሄ ብትዛነፍ እርሳስ የምታነሣ፣ የወንድሟን ደም ግን በቀጭን መስመር አስምራ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተች ሴት። ሰውዬው አላወቀም ወይም ግድ አልሰጠውም። ሐያት አላወቀችም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ማወቅን በስለት ፈልጌ፣ ተሰድቤ አግኝቼ፣ በሚያስፈልግበት ቀን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። ለምን? አልኳችሁ እኮ፣ አላውቅም።

የነገርኩት በአምስተኛው ወር መግቢያ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሐኪሟ እንዲራመድ አዝዛዋለች፤ ከመራመዱ በፊትና በኋላ የልቡን ምት እንድቆጥርም ሰዓቴን ይዤ እንድሄድ ነግራኛለች። ከከተማው ወጣ ብለን በከብት ገበያው መንገድ እንሄድ ነበር። ዝግ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ድሮ ከብት እየነዳ የሚሮጥበት መንገድ። ከገበያው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አስቆሙን።

«ሰይድ! ተረፍክ አሉ። ይቺ ናት ያተረፈችህ?»

«አዎ፣ ይቺ ናት» አለ ጋሼ። ኩራቱ ድምፁ ውስጥ ይሰማል። «ባለ መጽሐፏ።»

ሽማግሌው ዱዓ አድርገውልኝ አለፉ። «አሚን» ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ።»

«እ?»

«ወረቀቱን ያን ቀን አንብቤው ነበር።»

«የትኛውን?»

«የደሴውን። በር ላይ ቆሜ። ጥሩው እንደወረደ፣ ለልብህ ክፉ ምልክት እንደሆነ አውቄ ነበር። በማግስቱ በመጽሐፉም አረጋገጥኩ። ላቱን ስትመዝን የመጣሁት ያንን ልነግርህ ነበር። ክኒንህ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ አየሁ። አልነገርኩህም።»

ቆመ። ወደ እኔ አልዞረም።

«ስንት ቀን?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ቀን አውቀሽ ዝም አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ላቱን ስበላ ታዪኝ ነበር።»

«አይህ ነበር።»

«ለምን?»

«አላውቅም ጋሼ። ወላሂ አላውቅም። አፉ በለኝ።»

አፉ አላለኝም። መንገዱን ቀጠለ። እንደዚያ ዝግ ብሎ ሲሄድ በአሥር እርምጃ እደርስበት ነበር፤ አልደረስኩበትም፤ ከኋላው ተከተልኩት። ሰዎች ያልፋሉ፤ «ሰላም ነው ሰይድ?» ይሉታል፤ እጁን ያነሣላቸዋል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ትንፋሹ አጠረና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጀርባው ሲወጣና ሲወርድ ይታየኛል።

ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው እንዳዞረ፣ ምንም ሳይናገር፣ የግራ እጁን አንጓ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ።

ሄጄ ያዝኩት። ሰዓቴን አየሁ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ በልቤ ነበር የምቆጥረው። ያን ቀን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እሱ እያንዳንዷን እየሰማ።